ሞዴሉ አይቶት የማያውቀው ጓሮ

የእንሰት በሽታን ከፎቶ የሚለየው ሞዴል (ከብዙ ምሳሌ ተምሮ የሚለይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም) የት ደረሰ እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ ይኸው እስካሁን ያለው። ቅዳሜ ስንገናኝ ሰው ይበዛል፣ ወሬው ይቋረጣል። በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። አዲስ የገባችሁ ልጆችም ስላላችሁ ከሥሩ ልጀምር።

ሐዋሳ ቁጭ ብሎ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚማር ሰው በየኮርሱ የሚገጥመው ምሳሌ ድመትና ውሻ ነው። ከፍ ሲል ደግሞ ቲማቲምና ወይን። ከከተማ ወጥታችሁ በቱላ በኩል ወደ ይርጋለም ስትሄዱ ግን ግራና ቀኙ እንሰት ነው። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ኑሮው ከዚህ ተክል ጋር የተያያዘ ነው። ዋሳው (ቆጮው)፣ ቡላው፣ ቃጫው፣ የከብቱ መኖ ሁሉ ከእሱ ነው። ታዲያ የምንማረውን ነገር እዚህ ካልሞከርነው የት ልንሞክረው ነው?

የእንሰት ትልቁ ጠላት አጠውልግ በሽታ ነው። የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። በእንሰት ላይ መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተመዘገበው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከዓመታት በኋላ ሙዝ ላይም ታየ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ ተገኘ፤ ከዚያም ወደ ጎረቤት አገሮች ተዛምቶ የብዙ ገበሬ ሙዝ ጨረሰ። የሚረጭ መድኃኒት የለውም። ያለው መፍትሔ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ጤነኛ ችግኝ መትከልና ቢላን በእሳት ማጽዳት ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ቶሎ ማወቅ ነው። ስልክ ይጠቅማል ብዬ ያሰብኩትም ለዚህ ነው።

መንገዱን ያሳዩን ሌሎች አፍሪካውያን ናቸው። ካምፓላ የሚገኘው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላብራቶሪ በካሳቫ ላይ የሠራውን ሥራ ፈልጋችሁ አንብቡ። ፎቶዎቹን በብዛት ያነሱት አርሶ አደሮች ናቸው፤ በየማሳቸው፣ በስልካቸው። የሰብል ምርምር ባለሙያዎች ደግሞ አንድ በአንድ እያዩ የትኛው በምን በሽታ እንደተያዘ ለዩ። ከ21 ሺህ በላይ ፎቶ ተሰባሰበና እ.ኤ.አ. በ2020 ካግል በሚባለው የዳታ ውድድር ድረ ገጽ ለዓለም ተለቀቀ። ኑሩ የሚባለው መተግበሪያም አለ። የካሳቫን በሽታ ያለ ኢንተርኔት፣ እዚያው ማሳው ላይ ይለያል። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የቆመ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቀዋል።

እኔም ሞባይልኔት በሚባል ፎቶ የሚለይ ሞዴል ጀመርኩ። ቀላል ነው፣ ስልክ ላይ ይሠራል፣ ኮላብ በሚባለው፣ በኢንተርኔት ኮድ በነጻ በሚሠራበት የጉግል አገልግሎትም ይሰለጥናል። መጀመሪያ በካሳቫው ፎቶ አሰለጠንኩት፣ ከዚያ ወደ እንሰት አመጣሁት። ትንሽ ረድቷል፣ ብዙ ግን አይደለም። ምክንያቱ ይመስለኛል ተክሎቹ በጣም ስለሚለያዩ ነው። የካሳቫ ቅጠል መዳፍ ላይ ያርፋል፣ በሽታው እዚያው ቅጠሉ ላይ ይነበባል። የእንሰት ቅጠል ደግሞ ከሰው ቁመት ይበልጣል። በአንድ ፎቶ አይገባም። አጠውልግ ሲጀምር መካከል ላይ ያለው አዲሱ ቅጠል ይጠወልጋል፣ ይታጠፋል፣ ቢጫ ይሆናል። ማየት ያለባችሁ የተክሉን አቋም ነው። ስለዚህ አሁን ከእያንዳንዱ ተክል ሁለት ዓይነት ፎቶ እወስዳለሁ፦ አንዱ ራቅ ብሎ ሙሉውን፣ ሌላው ቀረብ ብሎ የመካከሉን ቅጠል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ልምጣ። ስንቶቻችሁ እንደምታውቁት እርግጠኛ አይደለሁም፣ ግን ፕላንትቪሌጅ በሚባለው የፎቶ ስብስብ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የታወቀ ጥናት አለ። 54,306 ፎቶ፣ 14 ዓይነት ሰብል። እንሰት የለበትም፣ ካሳቫም ሙዝም ቡናም የሉበትም። ቅጠሎቹ ተቀጥፈው አንድ ወጥ መደብ ላይ ተደርገው ነው የተነሱት። ሞዴሉ ከዚያው ስብስብ ለፈተና በተለዩት ፎቶዎች ላይ 99.35 በመቶ አገኘ። ተመራማሪዎቹ ግን እዚያ አልቆሙም። ከሌላ ምንጭ የተገኙ ፎቶዎችን ሰጡት። ውጤቱ ወደ 31 በመቶ ወረደ። ይህንን ደብቀው ማለፍ ይችሉ ነበር፤ ጽፈው ስላስቀመጡት ትልቅ አክብሮት አለኝ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ፎቶዎች በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ከአንድ ጓሮ ብዙ ፎቶ ይነሳል። በዘፈቀደ ስንከፍለው የዚያው ጓሮ፣ አንዳንዴም የዚያው ተክል ፎቶ ግማሹ ለማሰልጠኛ፣ ግማሹ ለፈተና ይሄዳል። ሞዴሉ በሽታውን ሳይሆን ጓሮውን ያውቀዋል ማለት ነው። ስለዚህ አከፋፈሉን በጓሮ አደረግኩት። አንድ ጓሮ ወይ ሙሉ በሙሉ ለማሰልጠኛ ነው፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ለፈተና። ሳይኪትለርን በሚባለው የፓይተን ኮድ ስብስብ ውስጥ ግሩፕኬፎልድ የሚባለው ይህንን ይሠራላችኋል፤ ለእያንዳንዱ ፎቶ የጓሮ መለያ መስጠት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

ውጤቱ በግልጽ ወረደ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ከልቤ ነው የምላችሁ። አሁን ያለኝ ቁጥር አነስ ያለ ቢሆንም ነገ አዲስ ደጅ ስንገባ የሚሆነውን ይነግረኛል። ሞዴሉ ፎቶው ላይ የት የት እንደሚመለከት ግራድካም በሚባል ዘዴ አየሁት። በከተማው ዳር ያሉት ጓሮዎች ቆርቆሮ አጥር አላቸው፣ እዚያ ያሉት እንሰቶች በአብዛኛው ጤነኛ ናቸው። ሞዴሉ የሚያተኩረው ቆርቆሮው ላይ ነበር። ቆርቆሮ ካለ ጤነኛ ነው ይላል። ቅጠላቸው ቀላ የሚሉትን የእንሰት ዓይነቶችም ብዙ ጊዜ ታመዋል ይላል፤ የእኛ ሰው በልጅነቱ የሚለየውን ነገር። ይህንን የሚያስተካክለው ረቀቅ ያለ ኮድ አይደለም። ብዙ ጓሮ፣ ብዙ ዓይነት እንሰት፣ የተለያየ ሰዓት፣ የተለያየ ወቅት ነው። ከአንድ ጓሮ መቶ ፎቶ ከምታመጡ ከብዙ ጓሮ ጥቂት ጥቂት ብታመጡ ይሻላል።

ፎቶውን በሽተኛ ወይም ጤነኛ ብሎ መመደብም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለማረጋገጥ የሚደረገው የታወቀ ነው፦ የቅጠሉን እግር ቆርጦ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ መውጣቱን ማየት። ግን በሽታውን ከተክል ወደ ተክል ከሚያሻግሩት ነገሮች አንዱ ያው ቢላ ነው። ፎቶ ልሰብስብ ብሎ የሄደ ሰው በሽታ እያዛመተ እንዳይመለስ! ስለዚህ እኔ አልቆርጥም። የሚቆርጠው ባለቤቱ ወይም የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ነው፣ ለዚያውም ቢላው በየተክሉ እሳት ላይ ከተያዘ በኋላ። ይህ ሥራውን ያዘገየዋል። ይዘግይ።

በሸበዲኖ በኩል አንዲት እናት ጓሮ ገብተን ስናወራ ስለ ስህተት ጠየቅኳቸው። ሞዴሉ ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል፦ ጤነኛውን ታሟል ይላል፣ የታመመውን ጤነኛ ነው ይላል። «እማማ፣ ለእርስዎ የትኛው ይብሳል?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ደህናውን ነቅዬ ብጥል የስንት ዓመት ልፋቴ ሄደ። የታመመውን ብተው ደግሞ የእኔም ያልቃል፣ የጎረቤቴም ያልቃል» አሉኝ። ቀጥለው «ካላወቀ አላውቅም ይበል!» አሉ።

ይህ አባባል ሥራዬን ቀይሮታል። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ እንደ አየሩና እንደ ዓይነቱ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። በስልክ ግምት የሚነቀል ነገር አይደለም። ሁለት ምርጫ ብቻ ያለው ሞዴል ደግሞ ምንም ብታሳዩት መቶውን በመቶ ለሁለቱ አከፋፍሎ ይመልስላችኋል። የሙዝ ፎቶ ሰጠሁት፣ «ጤነኛ እንሰት» አለ። ስለዚህ አሁን መልሱ ሦስት ሆኗል፦ ጤነኛ፣ የታመመ፣ አላውቅም። ውጤቱ ከተወሰነ ገደብ በታች ሲሆን «አላውቅም፣ ባለሙያ ይየው» ይላል። ገደቡን የት ላድርገው የሚለውን ብቻዬን መወሰን አልፈልግም። ከገበሬዎቹ ጋር ቁጭ ብለን፣ ይህን ያህል ጊዜ አላውቅም ቢልስ ትታገሡታላችሁ ወይ ብዬ ልጠይቃቸው አስቤያለሁ።

ስለ ቋንቋ አጭር ነገር። ብዙዎቹ እናቶች ጽሑፍ አያነቡም፣ የሚያወሩትም ሲዳምኛ ነው። መልሱ በድምፅ መሆን አለበት። በአፍሪካ ቋንቋዎች ላይ የሚሠራው ማሳካኔ የሚባል የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው በጽሑፍ ውስጥ ስሞችን የሚለይ ዳታ 10 ቋንቋዎች ነበሩት፤ አማርኛ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው፣ የጽሑፍን ስሜት የሚለየው አፍሪሴንቲ የሚባል ዳታ 14 ቋንቋ ይዞ አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን አካቷል። ሲዳምኛ በሁለቱም የለም። እኔ ለጊዜው ሦስቱን መልሶች በሲዳምኛ አፉን የፈታ ጓደኛዬ ቀድቶልኝ ያንኑ አጫውታለሁ። ለሦስት መልስ ይበቃል፣ ለውይይት ግን አይበቃም። ከእናንተ መካከል በንግግር ላይ መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ ሰፊ ቦታ ክፍት ነው።

ቀጣዩ ጉዞ ወደ ሁላ ወረዳ ደጋ ነው። እዚያ ውርጭ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፣ ያየ ሰው ከአጠውልግ ጋር ሊያምታታው ይችላል። እስካሁን ያሉኝ ፎቶዎች ውስጥ ውርጭ የመታው እንሰት የለም፤ ሞዴሉ ሲያየው ምን እንደሚል መገመት አይከብድም። አብራችሁኝ መሄድ የምትፈልጉ ቅዳሜ ንገሩኝ። ቤተሰቦቻችሁ ጋ እንሰት ካለና ፎቶ የምትልኩልኝ ከሆነ፣ መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ከዚያ ሦስት ነገር ጻፉበት፦ የጓሮው መለያ፣ ያነሳችሁበት ሰዓት፣ ባለቤቱ የእንሰቱን ዓይነት የሚጠሩበት ስም። የሰው ስም አያስፈልገኝም።