ልጁ ገመዱ አልፈታ ሲለው

አዲስ አበባ ዳር ላይ፣ ከሰበታ ከፍ ብሎ፣ ሰው በብርድ ሊሞት ይችላል ቢባል ብዙ ሰው ይስቃል። ብርድ ለእኛ ጉንፋን ነው። ሲብስ የሳንባ ምች ነው። ሞት በብርድ የበረዶ አገር ወሬ ይመስለናል።

የእኔ ሥራ ካምፕ ላይ ምግብ ማብሰል ነው። ድንኳን የተተከለበት ሁሉ ኩሽናዬ ነው። ሰሜን ተራራም ሄጃለሁ፣ ባሌም ሄጃለሁ። ይሄ ግን የሆነው እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ነው።

ወደ ሰሜን ተራራ የሚሄዱ እንግዶችን መጀመሪያ እዚህ እናሳድራቸዋለን። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ሰው በቀጥታ እዚያ ልውጣ ቢል ራሱ ይፈነዳል፣ ምግቡም አይረጋለትም። ወጨጫ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ አንድ ሁለት ቀን እዚህ መንገላወድ ሳንባን ያለማምዳል። ደግሞ ጥሩ ጫካ ነው። የመናገሻ ሱባ ጫካን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው አሁንም አለ። ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ከዚያ አስታ ይመጣል። ጉሬዛ ከላይ ይዘላል፣ የምኒልክ ድኩላ ከታች ብቅ ብሎ ይጠፋል። እንግዳ ይሄን ሲያይ ከከተማው ይህን ያህል አለመራቁን አያምንም።

የዚያን ጊዜ እንግዶቻችን ከአላስካ የመጡ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ከመሀላቸው አንዲት ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ሴት ነበሩ። ቀጠን ያሉ፣ ዝምተኛ። አገራቸው ላይ ሥራቸው የእኛው ሥራ ነበር፤ ትንንሽ ቡድን እየመሩ ሰው በሌለበት ምድር ካምፕ ማድረግ። እሳቱ ዳር ተቀምጠው ሲያወሩ ሁላችንም ሥራ ትተን እንሰማ ነበር። መሪያችን ነው የሚተረጉምልን።

አላስካ ውስጥ ጌትስ ኦፍ ዚ አርክቲክ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1980 ጀምሮ ፓርክ ነው። ከ30 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፣ ውስጡ ግን አንድም የመኪና መንገድ የለም። የእግር መንገድም አልተሠራም። ትንሽ አውሮፕላን ሐይቅ ላይ ወይም የወንዝ ጠጠር ላይ ያወርዳችኋል። ከዚያ ተመልሶ እስኪመጣ እናንተና እግዜር ብቻ ናችሁ። ደመና ከወረደ አውሮፕላኑ በቀጠሮው ቀን ላይመጣ ይችላል፣ ስለዚህ የትርፍ ቀን ስንቅ ይያዛል። ምግቡ ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ይቆለፋል። የሚበሰለውም ከመኝታው ድንኳን ራቅ ተብሎ ነው። ይቺን ስሰማ ደስ አለኝ። እኔም በጅብ ምክንያት ኩሽናዬን ከድንኳኖቹ አርቃለሁ፣ ሰነፍ ረዳቶች ደግሞ ውሃ ማመላለሱ ስለሚበዛባቸው በዚህ ይነጫነጩብኛል።

ሌላም ነገር ነገሩን። እዚያ ቡድኑ በሰልፍ ተከታትሎ አይሄድም። ጎን ለጎን ተበትኖ ነው የሚሄደው። የዚያ አገር ሣርና የድንጋይ ሽበት የረገጡትን ቶሎ ስለማይረሳ፣ ብዙ ሰው አንድ መስመር ላይ ከሄደ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። እኛ እንግዳውን ከመንገድ እንዳይወጣ ስንቆጣ እንውላለን፤ እነሱ ደግሞ መንገድ እንዳይወጣ ይበተናሉ።

ቀኑ መጋቢት መጨረሻ ነበር። ሁዳዴ ነው። እንግዶቹ ጠዋት እንቁላልና ዳቦ በልተው ወደ ላይ ወጡ። ዕቃ የጫኑት የሰፈሩ ባለ ፈረሶች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ጎበዝ ልጅ ነው። ይጾማል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይልም። ይሄ ብርቅ አይደለም። በጾም ወቅት ግማሾቹ ሠራተኞቻችን እንደዚያው ናቸው። ጾመኛን በልተሃል ወይ ብሎ የሚጠይቅም የለም።

ስምንት ሰዓት አካባቢ አናቱ ላይ ሳለን ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋስ መጣ። ቀጥሎ በረዶ፣ እንደ ሽምብራ እየተንጣጣ። ከዚያ ሳያቋርጥ ዝናብ። እንግዶቹ በአንድ ደቂቃ ከቦርሳቸው ጃኬት፣ የዝናብ ሱሪ፣ ጓንት አወጡ። መሪያችን ጃኬት አለው። እኔም ከአንድ እንግዳ የተሰጠኝ አሮጌ አለኝ። ባለ ፈረሶቹ ላስቲክ ነበራቸው። ልጁ የራሱን ላስቲክ የእንግዳ የመኝታ ከረጢት እንዳይርስ ብሎ ዕቃው ላይ አለበሰው። ማንም አላዘዘውም። ዕቃው እንዲርስ አይፈለግም፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። እሱ ጋቢውን ደርቦ፣ በኮንጎ ጫማው ፈረሱን እየሳበ ወረደ።

ጫካው ውስጥ ካምፑ ጋ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ዝናቡ አባርቷል፣ ነፋሱ ግን አልተወንም። ከሴትዮዋ ቦርሳ ላይ የተንጠለጠለችው ትንሽ ቴርሞሜትር 6 ዲግሪ ትላለች። ሁሉም ይሯሯጣል። በእኛ አገር ጀንበር ቀጠሮ አታዛባም፤ አንድ ሰዓት ሲሆን ጨለማ ነው። ሰኔ ላይ ፀሐይ ከማትጠልቅበት አገር ለመጡ ሰዎች ይሄም ራሱ ጉድ ነበር። እኔ ለእንግዶቹ ሾርባ ጥጄ፣ ድስቱን ከጭነቱ አውርድልኝ ብዬ ልጁን ጠራሁት።

ገመዱን ይዞ ቆሟል። ቋጠሮው አልፈታ ብሎታል። ራሱ የቋጠረው ቋጠሮ ነው። ጓደኞቹ እየሳቁ በኦሮምኛ ይተርቡታል። እሱም ፈገግ ይላል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። «ደህና ነህ?» አለው መሪያችን። «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» አለ። ምላሱ ትንሽ ተያዘ።

ሴትዮዋ ድንኳናቸውን ግማሽ ተክለው ትተውት መጡ። ምንም አልጠየቁትም። እጃቸውን ዘርግተው አውራ ጣታቸውን ከትንሿ ጣታቸው ጋር አነካኩ። እንደኔ አድርግ ማለታቸው ነው። ልጁ ሞከረ። ጣቶቹ አልገናኝ አሉ። ደግሞ ሞከረ። ያኔ የጓደኞቹ ሳቅ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ትእዛዝ የሚሰጡት እሳቸው ሆኑ። መሪያችንም አላኮረፈም፤ ይሄን አደንቅለታለሁ።

እኛ እንደ ልማዳችን ሦስት ነገር ልናደርግ ነበር። አንዱ ባለ ፈረስ እግሩን በኃይል ሊያሸው ቁጭ ብሏል። ሌላው ወደ እሳቱ ጎትቶ ሊያስጠጋው ነው። የጫካው ጥበቃ ሽማግሌ ደግሞ ከጉያቸው አረቄ አውጥተው «አንድ መለኪያ ይቅመስ፣ ደሙ ይሞቃል» አሉ። ጾም ቢሆንም ለነፍስ ነው አሉ። ሴትዮዋ ሦስቱንም ከለከሉ።

አረቄ ሙቀት የሚመስለው የቆዳን የደም ሥር ስለሚከፍት ነው። ከውስጥ ያለው ሙቅ ደም ወደ ቆዳ ይወጣል፣ እዚያ ይቀዘቅዛል። ፊት ይግላል፣ ልብና ሳንባ ግን ሙቀታቸውን ያጣሉ። የቀዘቀዘን ሰው ማሸትም ቆዳውን ይጎዳል፤ በጣም በቀዘቀዘ ሰው ላይ ደግሞ መንገላታቱ ራሱ ለልብ አደጋ ነው። እሳት ዳር ማስጠጋትም እንደዚያው። የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማውም።

ያደረግነው ይሄ ነው። ድንኳን ውስጥ አስገባነው። ጋቢውን፣ ሸሚዙን፣ ሱሪውን አወለቅንለት። ያ ጋቢ ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ደረቅ ጋቢን የመሰለ ነገር የለም፤ የራሰ ጋቢ ግን ሙቀት ይሰርቃል። ጥጥ እንደዚያ ነው። ሱፍ ሲርስም ትንሽ ይሞቃል። የመንዝ ሰው ባና የሚለብሰው ዝም ብሎ አይደለም። ከዚያ ከሥሩ ሁለት ፍራሽ አነጠፍን፤ መሬት ከአየር ይልቅ ሙቀት ይመጥጣል። የመኝታ ከረጢት ውስጥ አስገብተን፣ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ብብቱ ሥር አደረግንለት። ነቅቶ መዋጥ እንደሚችል ካዩ በኋላ ስኳር የበዛበት ሻይ አሉኝ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷልና ጾሙም አልተሻረም። ቀጥዬ በሶ በሙቅ ውሃና በስኳር በጠበጥኩለት። ሴትዮዋ በሶውን ቀምሰው፣ ይሄን እኛ አገር በፋብሪካ አሽገን በውድ እንሸጠዋለን ብለው ሳቁ።

ሃያ ደቂቃ ያህል እንደቆየ ልጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጥርሱ ይጋጫል። እኛ ባሰበት ብለን ደነገጥን። እሳቸው ግን ፊታቸው ፈታ አለ። ሲመጣ ያልተንቀጠቀጠው ሰውነቱ የሚያነደው ነገር ስላጣ ነው አሉ። መንቀጥቀጥ ጉልበት ይበላል፣ ጉልበቱ ደግሞ ከምግብ ነው የሚመጣው። ቀን ሙሉ ሳይበላ ተራራ ወጥቶ የወረደ ልጅ በምን ይንቀጠቀጥ? የሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ነው። ከ35 ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ እጁ አልታዘዝ ይለዋል፣ አፉ ይያዛል። እየባሰ ሲሄድ መንቀጥቀጡ ይቆማል። ያየ ሰው «እፎይ፣ ተሻለው» ይላል።

ማታ፣ ልጁ ከተኛ በኋላ፣ መሪያችን ጠየቃቸው። በዚያ ሁሉ በረዶ ስንት ሰው አይተዋል? እሳቸው ያሉት አሁንም ይገርመኛል። ደረቁ ከባድ ብርድ ሳይሆን የአገራቸው የበጋ ዝናብ ነው የሚያስፈራቸው። ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያለ፣ እርጥብ፣ ነፋስ ያለበት ቀን። ከዜሮ በታች 30 ሲሆን ሁሉም ይፈራል፣ ሁሉም ይለብሳል። 6 ዲግሪ ላይ ግን ማንም አይጠነቀቅም። ያቺን ቀን ወጨጫ ላይ ያየነው የአላስካን የሐምሌ ቀን ነው አሉ።

አንድ ነገር ጨመሩ። እዚያ ሲሠሩ ማታ ማታ የሚቆጥሩት እንግዳ ብቻ አይደለም። ትንሽ ቡድን ጥቅሙ ይሄ ነው፣ የሁሉም ሰው እጅ ይታያል። «እናንተ ጋ ግን» አሉ፣ «እኛ ስድስት ነን ትላላችሁ። እኔ ስቆጥር አሥራ ሁለት ነን።»

ልጁ ጠዋት ተነስቶ ፈረሱን ፈለገ። ከተማ ወርዶ ሐኪም እንዲያየው አደረግን፣ ደህና ነህ ተባለ። ሌላው ነገር የቢሮ ነገር ነው፣ ቢሮ ደግሞ ከተራራ ይከብዳል። መሪያችን የሆነውን ጽፎ ለአለቃችን ሰጠ። አለቃችን መጥፎ ሰው አይደለም። ግን የመጀመሪያ መልሱ «ባለ ፈረሶቹ እኮ የእኛ ቅጥር አይደሉም፣ የቀን ሠራተኞች ናቸው» የሚል ነበር። እውነቱን ነው፣ በወረቀት አይደሉም። የእንግዳ ዕቃ ሲሆን እስከ ሹካው ድረስ ዝርዝር አለን። ስንት ድንኳን፣ ስንት ፍራሽ፣ ስንት ትርፍ ባትሪ። ዕቃውን የሚሸከመው ሰው ግን የትም አልተጻፈም። እኔ እንደገባኝ ጣጣው ሁሉ ከዚህ ነው። ልጁ ላስቲኩን ለከረጢቱ ያለበሰው ከረጢቱ ቢርስ የሚጠይቅ ሰው ስላለ ነው። እሱ ቢርስ ማን ይጠይቃል?

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ገንዘብ ተፈቀደ። የዝናብ ጃኬት ተገዛ፤ ከመርካቶ ሳልባጅ ደግሞ የሱፍ ሹራብና ካልሲ መርጬ አመጣሁ። ዝርዝሩ ላይ የባለ ፈረስና የጥበቃ ዓምድ ገባ። ካምፕ ስንደርስ ከእንግዳው ሾርባ በፊት የሠራተኛው ሻይ ይጣዳል፣ ይሄን እኔው ነኝ የወሰንኩት፤ እስካሁን ያማረረ እንግዳ የለም። በጾም ወቅት የታሸ በሶ በላስቲክ ጠቅልዬ እይዛለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ መንገድ ላይም ብንሆን አድላለሁ። ማታ ሁላችንም እሳት ዳር አውራ ጣትና ትንሽ ጣት እናነካካለን። ወጣቶቹ እንደ ጨዋታ ይዘውታል፣ የተሳሳተ ይተረባል።

ያልተፈታው የጃኬቱ ነገር ነው። አለቃችን ጉዞው ሲያልቅ እየተቆጠረ፣ በፊርማ ይመለስ ይላል። ባለ ፈረሶቹ ደግሞ ዝናቡ እናንተ ስትሄዱ አብሯችሁ አይሄድም እኮ ይላሉ። ባለፈው ከተሰጡት ሁለቱ አልተመለሱም። አለቃችን ከቀን አበላቸው ልቁረጥ አለ፣ መሪያችን እምቢ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ ተጠርቷል። እኔም ግባ ተብያለሁ።