«ሙሉ ስምህ ማን ነው?»

ሙምባይ ላይ ወደ ባቡር ጣቢያው ያደረሰኝ ታክሲ ቆጣሪዬ ተበላሽቷል ብሎ 600 ሩፒ ተቀበለኝ። ጓደኛዬ ሲሰማ ሳቀብኝ፤ ከግማሽ በላይ ተበልቻለሁ። ብስጭቴ እስከ ባቡሩ ወንበር ድረስ ተከተለኝ።

ያስረሱኝ ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ ናቸው። ከከተማው ሳንወጣ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ቴፕላ የሚሉትን እርድና የአብሽ ቅጠል የገባበት ስስ ቂጣ ዘረጉልኝ። ስሜን ጠየቁኝ። «ሙሉውን?» የአባቴን ጨመርኩ። «ከዚያስ?» አያቴ ላይ ደረስኩ። እንደኛ አገር ሽማግሌ የዘር ሐረግ መቁጠር የሚወዱ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ወደ ጓደኛዬ ዞሩ።

«ኩማር» አላቸው።

«ኩማር ማን?»

«ኩማር ብቻ።»

መንደሩን ጠየቁት፤ የአባቱን ሥራ ጠየቁት። ስልኩ ላይ አቀረቀረ።

ቫዶዳራ ከተማ ስንወርድ «እንዴት ያሉ ደግ ሰው ናቸው!» አልኩት። «ለእኔ አንድም ጊዜ እንዳልዘረጉ አላየህም?» አለኝ። አላየሁም፤ አራተኛውን ቂጣ እየበላሁ ነበር። ኩማር ካስትን፣ ማለትም በትውልድ የሚወረሰውን የማኅበረሰብ ደረጃ፣ የማይናገር ስም ስለሆነ፣ «አይነኩም» ተብለው የተገለሉት ብዙ ዳሊቶች ይጠለሉበታል፤ አንዳንዴ ግን መጠለሉ ራሱ ያሳብቃል።

የመጣነው ካማቲ ባግ የሚባለውን መናፈሻ ለማየት ነው። ራሳቸው ዳሊት የነበሩት አምቤድካር በ1917 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክና ለንደን ተምረው ለሥራ እዚህ ሲመጡ የሚያሳድራቸው ሂንዱ አጥተው፣ በሐሰት ስም የፓርሲዎች (ዘራቸው ከፋርስ የሆነ የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች) ማረፊያ ገቡ። በአሥራ አንደኛው ቀን ዱላ የያዙ ሰዎች መጥተው አስወጧቸው። የማታውን ባቡር እዚህ መናፈሻ ተቀምጠው ጠበቁ። በኋላ የሕንድ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኑ፤ ሰውን «አይነካም» ብሎ ማግለልን የሻረው አንቀጽ 17 ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ጓደኛዬ ዛፎቹ ሥር ብዙ ቆየ። እኔ ትንኝ በላኝ።

ማታውን በሙቀት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ያረፍንበት ቤት እመቤት ለእኛ በሸክላ ስኒ ሻይ አቀረቡልን። ጠራጊዋ ቧንቧው አጠገብ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለች የብረት ኩባያዋን አውርዳ ዘረጋች፤ እመቤቲቱ ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርገው፣ ሳያስነኩ ቀዱላት።

አያቴ ቤት ምጣድና ጀበና የምትሸጥልን ሴት ነበረች። ቡናዋን ደጅ ነው የምትጠጣው፣ ጠርዙ በተሸረፈ ስኒ። አድራሹ እኔ ነበርኩ። ስኒውን ከሌሎቹ ጋር እንዳልቀላቅል አያቴ ሁልጊዜ ታስጠነቅቀኛለች።

ጓደኛዬ «ምን ሆንክ?» አለኝ።

«ያ ባለ ታክሲ» አልኩት፣ «600 ሩፒ!»