የፈረሰው ማድቤት

ደሴ ውስጥ በአንድ የገቢ ጽሕፈት ቤት የቤት ግብር ክፍል በተቀጠርኩበት የመጀመሪያው ክረምት ነው። ከሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት እናት መጡ። ባላቸው ሞተዋል፤ ጡረታ የላቸውም። "ልጄ፣ ግብሩ ከበደኝ። ምሕረት ካለ እስኪ እይልኝ" አሉኝ።

ነበረ። አዋጅ ቁጥር 80/1968 የዓመት ኪራይ ግምቱ ከ300 ብር ያልበለጠ መኖሪያ ቤትን ከቤት ግብር ነጻ ያደርግ ነበር። ዛሬ 300 ብር የአንዲት ክፍል የወር ኪራይ እንኳ አይሞላም። የእሳቸው ቤት ግምት ግን የድሮ ነው።

እኔ ማህደሩን አላወጣሁም። "ማመልከቻ ያስገቡ" አልኳቸው። በር ላይ ለሚጽፈው ልጅ ከፍለው አመጡ። የቀበሌ ደብዳቤ ጠየቅኳቸው፤ አመጡ። በሦስተኛው ቀን ካርታው "ፋጡማ"፣ መታወቂያው "ፋጢማ" ይላል ብዬ መለስኳቸው። የደሴን ዳገት በዝናብ የወጣ ያውቀዋል። ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልለው ነጠላቸው ሥር፣ ደረታቸው ላይ ይይዟቸዋል። እሳቸው ሾቀው ወረቀቱ ደረቅ ነው።

በአራተኛው ቀን የመዝገብ ቤቱ ጋሼ ማህደሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። "መጀመሪያ ይሄን አይተሻል?" አሉኝ። ግምቱ 336 ብር ነው፤ ዋናው ቤት 276፣ ማድቤቱ 60።

"እማማ፣ ማድቤቱ አለ?"

"ኧረ ልጄ፣ ጎርፍ ከወሰደው ስንት ዓመቱ!"

ማመልከቻቸው "ስለ ድህነቴ ግብሩ ይማርልኝ" ነበር የሚለው። እንደዚያ ቢቀርብ ይወድቃል፤ አዋጁ የሚያየው የቤቱን ግምት ነው። ሌላ ጻፍኩላቸው፦ "የፈረሰው ክፍል ከግምቱ ይቀነስልኝ።" ባለሙያ ሄዶ ለካ። ማድቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ጎመን በቅሏል። ለስሙም ቀበሌው ሁለቱም አንድ ሰው መሆናቸውን ጻፈ። ከቤት ግብር ነጻ ወጡ። ያለፉት ዓመታት ክፍያ ግን አልተመለሰላቸውም። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ማህደር ሳላወጣ ማንንም ወረቀት አምጣ አልልም። በ2017 ደግሞ አዲስ የንብረት ታክስ አዋጅ ወጥቷል፤ ቤቶች እንደገና ይገመታሉ። እባካችሁ የግምት ወረቀቱን ጠይቁና ክፍሎቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ። የሌለ ክፍል ተጽፎ ካገኛችሁ በዚያው ሰሞን አመልክቱ።

ደብዳቤውን ስሰጣቸው በዚያው ፌስታል ጠቀለሉት። ይቅርታ ልጠይቃቸው ከወንበሬ ተነሳሁ። ቀድመውኝ "አብሽሪ ልጄ" አሉኝ።