ፈረስ ስገራ የፈታሁት ቃል

ሥራዬ ትርጉም ነው። ሱሉልታ ቤት ሠርቼ ስገባ ግን ያልተገራ ፈረስ ገዛሁ። ዋጋው ረከሰብኝ። ለምን እንደረከሰ የገባኝ ኋላ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ የፊልም ሂስ እየተረጎምኩ ነበር። እንግሊዝኛው የፊልሙ መጨረሻ "ቴም" ነው ይላል። "ለማዳ" ብዬ አለፍኩት። አርታኢዋ ደወለች፤ "መጨረሻው ድመት ነው እንዴ?" ቃሉ ከአውሬ ወጥቶ ስለ ሥራ ሲነገር ቅመም የጎደለው ማለት ነው። "አልጫ" ብል ኖሮ በቃ ነበር።

ፈረሱ ጋ ያጠፋሁትም ከዚህ አይርቅም። በመጀመሪያው ቀን ልጓም አጉርሼ፣ ኮርቻ ጭኜ ወጣሁበት። ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ጭቃ ላይ አራገፈኝ። ጎረቤቴ ሽማግሌው አጥር ላይ ተደግፈው ያዩኛል።

"አንተ ልጅ፣ ሳይለምድህ ነው የምትገራው?"

"ቴም" ሁለቱንም በአንድ አፍ ይላል። እኛ ማላመድና መግራት ብለን ለይተናል፣ ቅደም ተከተልም አለው።

እንደገና ጀመርኩ። ሳምንት ሙሉ ገብስ ይዤ ሜዳው ላይ መቀመጥ ብቻ። ራሱ መጣ። ከዚያ አንገቱን ማሸት፣ ከዚያ ባዶ ጆንያ ጀርባው ላይ ማድረግ። እዚህ ላይ አሥር ቀን አቃጠልኩ። ሲዘል ደንግጬ ጆንያውን አነሳለታለሁ። ለካ "ከዘለልክ ይነሳልሃል" እያልኩ እያስተማርኩት ነው! ጋሼ እንዳሉኝ ጸጥ እስኪል ጠብቄ ሳነሳ በሦስት ቀን ለመደ። በግራ በኩል የለመደውን በቀኝ ሲያየው ግን እንደ አዲስ ይደነብራል፤ ሁሉንም በሁለቱም ጎን መድገም ነበረብኝ። ከኋላው ደግሞ ድምፅ ሳያሰሙ መቅረብ አይገባም፤ እዚያ አያይም። የጭኔ ጠባሳ ምስክር ነው።

የሐረር ጅቦች ሰውን ለምደዋል፣ ከእጅ ሥጋ ይበላሉ። የገራቸው ግን የለም። ተይዞ ያደገ አቦሸማኔም ሰው ይለምዳል፤ ግልገሉ ግን ዱር ሆኖ ይወለዳል። የቤት እንስሳ ለመሆን ስንት ትውልድ ይጠይቃል።

የ"ቴም"ን ዘር ሳስስ ደግሞ ግሪክኛው "አዳማስ" ጋ ደረስኩ፤ "የማይገራ" ማለት ነው። በዐረብኛ በኩል አልፎ እኛ ጋ "አልማዝ" ሆነ። በየሰፈሩ ያሉት አልማዞች ይህን ቢሰሙ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

አሁን ፈረሱን እስከ ጎጃም መንገድ እጋልበዋለሁ። ሲኖትራክ ሲመጣ ግን ወርጄ ልጓሙን እይዛለሁ። እሱን ገና አልለመደም። እኔም አልለመድኩም።