130 ፕሮግራም፣ አንድ ኢንተርቪው፦ አሜሪካ ለሬዚደንሲ ሁለቴ ያመለከትኩበት ታሪክ

ኢሜይሉ ሲገባ ተረኛ ነበርኩ። ማርች 11 ቀን 2024፣ ሰኞ። (ቀኖቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ አሜሪካ ውስጥ ለሬዚደንሲ፣ ማለትም ለስፔሻሊስት ሥልጠና የሚያመለክቱ ሐኪሞች ከየፕሮግራሙ ጋር የሚደለደሉበት ማች የሚባለው ሥርዓት የሚቆጠረው በነሱ ነው።) በማች ሳምንት ሰኞ ዕለት የሚላከው መልእክት ቦታ ማግኘት አለማግኘትህን ብቻ ነው የሚነግርህ፤ የት የሚለው ለዓርብ ይቆያል። የእኔ ለዓርብ የሚቆይ ነገር አልነበረውም። "እናዝናለን" ብሎ ነው የሚጀምረው። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ግፊት ልለካ ወደገባሁበት ክፍል ተመለስኩ። ለካሁ፣ ቁጥሩን ሳልጽፈው ጠፋብኝ፣ ታካሚዬን ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ለካሁ።

በዚያ ዓመት የአሜሪካ ዜግነት ከሌለን የውጭ ምሩቃን መካከል ማች ያደረገው ከመቶ 58 ገደማ ነው፤ እዚያው አሜሪካ ኤምዲ (የሕክምና ዲግሪ) የሚጨርሱት ደግሞ ከመቶ 93 በላይ። ስለዚህ መቅረቴ ብርቅ አልነበረም። ያንገበገበኝ ሌላ ነው፦ 130 ፕሮግራም አመልክቼ ለኢንተርቪው የጠራኝ አንድ ብቻ ነበር። ስቴፕ 1 እና ስቴፕ 2 የሚባሉትን የአሜሪካ የሐኪም ፈቃድ ፈተናዎች በመጀመሪያ ሙከራ አልፌያለሁ፣ የስቴፕ 2 ውጤቴ ደህና ነው፣ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ታዲያ 129 ቦታ ምን ነካው?

ስለ ፈተናው ብዙ አልልም፤ የሚጻፈው ሁሉ ስለሱ ነው። ስቴፕ 1 ከጃንዋሪ 26 ቀን 2022 ጀምሮ ነጥብ የለውም፣ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ነው። ያ ማለት ቀለለ ማለት አይደለም። ስምንት ሰዓት ቁጭ ብለህ እስከ 280 ጥያቄ የምትመልስበት ፈተና ነው፤ ነጥቡ ሲቀር ደግሞ ክብደቱ በሙሉ ስቴፕ 2 ላይ ዞረ። ከአሜሪካ ውጭ ለሚቀመጥ ሰው እያንዳንዱ ፈተና ከ1000 ዶላር በላይ ያስወጣል። የክሊኒካል ክህሎት ፈተናው በ2021 ከቀረ በኋላ በምትኩ ፓዝዌይ የሚባል ማመልከቻና ኦኢቲ የተባለ የእንግሊዝኛ ፈተና መጥቷል። ኦኢቲን ንቄው ገብቼ መጻፉ ላይ ልወድቅ ትንሽ ነው የቀረኝ። ሪፈራል ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ ብዬ ነበር የናቅኩት፤ ለፈተናው የሚጻፈው ግን ሌላ ነው፣ ከታካሚው ማስታወሻ ውስጥ የትኛውን መተው እንዳለብህ ነው የሚለካው።

ከፈተናው በላይ ያንገላታኝ ስም ነው። ዲግሪዬ ላይ የአባቴ ስም በላቲን ሲጻፍ አንድ ፊደል ተደግሟል፤ ፓስፖርቴ ላይ አልተደገመም። በራሳችን ፊደል ከጻፍከው ልዩነት የለውም። ፈተና ጣቢያው በር ላይ ግን መታወቂያህና የፈተና ፈቃድህ ላይ ያለው ስም ካልገጠመ አትገባም። ኢሲኤፍኤምጂ የተባለው የአሜሪካ ተቋምም የውጭ ምሩቃንን ሰነድ ሲያጣራ ዲግሪውን የሚያረጋግጠው ከአንተ እጅ ተቀብሎ ሳይሆን በቀጥታ ከትምህርት ቤቱ ነው። ትምህርት ቤቴ የማረጋገጫ ጥያቄው ተልኮለት አራት ወር ዝም አለ። ለካ መልእክቱ የሚሄደው ጡረታ ወደወጣ ሰው ኢሜይል ነው። ይህን ያወቅኩት በስልክ ሳይሆን ቢሮው ድረስ ሄጄ፣ የአሁኗ ኃላፊ ኮምፒዩተር አጠገብ ቆሜ ነው። "ምንም አልመጣልንም" አለችኝ፤ እውነቷን ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር ልምከር፦ የመጀመሪያ ፈተናህን ከመመዝገብህ በፊት ትምህርት ቤትህ በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ላይ ምሩቃኑ መፈተን እንደሚችሉ የሚገልጽ የኢሲኤፍኤምጂ ማስታወሻ እንዳለው አረጋግጥ፤ ከዚያ እዚያ ቢሮ ውስጥ መልእክቱን የሚከፍተው ሰው ማን እንደሆነ በአካል ሄደህ እወቅ።

ወደ 129ኙ ልመለስ። ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድማ የገባች የክፍል ጓደኛዬ ናት ዓይኔን የገለጠችው። ያመለከትኩባቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝር ላክልኝ ስትለኝ ላክሁላት። ማታ ደወለች። "በስንት ነው የተመረቅኸው?" አለችኝ፣ እያወቀች። በ2016 አልኳት። ያመለከትኩት በ2023 ነው፤ ሰባት ዓመት። ከዚያ ዝርዝሩን እየጠራች፣ እኔ የየፕሮግራሙን ገጽ እየከፈትኩ አብረን ወረድነው። 71ዱ ከተመረቀ ከአምስት ዓመት በላይ የሆነውን እንደማያዩ በግልጽ ጽፈዋል። ሌሎች 19 ቪዛ ስፖንሰር አያደርጉም። ከ130 ውስጥ 90ውን በቀጥታ ወደ መጣያ ቅርጫት የላክሁት ራሴ ነኝ፤ ለዚያውም ከ3000 ዶላር በላይ ከፍዬ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ፕሮግራም በሺህ የሚቆጠር ማመልከቻ ይመጣለታል፤ ያንን ሁሉ የሚያነብ ሰው የለም። ኢራስ በሚባለው ማመልከቻ የሚላክበት ሥርዓት ላይ ፕሮግራሙ ወንፊት ያስቀምጣል፦ የምረቃ ዓመት፣ ቪዛ፣ ስንት ጊዜ ተፈትኖ አለፈ፣ የስቴፕ 2 ነጥብ። ወንፊቱ ከጣለህ ማመልከቻህን ያየ ሰው የለም። "እምቢ አሉኝ" ብለህ ታዝናለህ፤ አላሉህም፣ አልተነበብክም። ሁለቱ የተለያየ መድኃኒት ነው ያላቸው። ለመጀመሪያው ራስህን ታሻሽላለህ፤ ለሁለተኛው አድራሻ ትቀይራለህ። እኔ ያን ዓመት የስቴፕ 2 ነጥቤ አምስት ከፍ ቢል ኖሮ እያልኩ ነበር የማድረው፤ ምንም አይለውጥም ነበር።

ሁለተኛውን ዙር ከማመልከቴ በፊት አንድ ወር ሙሉ ምርጫ ላይ ብቻ አጠፋሁ። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ፍሬይዳ የሚባል የፕሮግራሞች ማውጫ አለው፤ ከሱ ጀመርኩ። እውነቱ የሚገኘው ግን የየፕሮግራሙ ገጽ ላይ፣ የሬዚደንቶቹ ፎቶ ሥር ነው። ዘንድሮ የገቡት የት ተማሩ? በስንት ተመረቁ? "የውጭ ምሩቃንን እንቀበላለን" ብሎ የጻፈ ፕሮግራም ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ካልወሰደ፣ ጽሑፉን ትቼ ፎቶውን አምናለሁ። ካልገባኝ ለአስተባባሪዋ ሁለት መስመር እጽፋለሁ። 48 ቀሩ። የክፍያው ተመንም በዚያው ዓመት ተቀይሮ ስለነበር እስከ 30ኛው 11 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ላለው 30 ዶላር፤ በድምሩ 870 ዶላር። "አንተን በተለይ እፈልጋለሁ" ብለህ ለመረጥከው ፕሮግራም የምትልካቸው ሲግናሎች የሚባሉ ደግሞ አሉ፤ በዚያ ዙር እኔ ላመለከትኩበት ለኢንተርናል ሜዲስን (ለውስጥ ደዌ ሕክምና) 15 ነበሩ። አንዱንም ለስመ ጥር ቦታ አላባከንኩም።

የጎደለኝ ሌላው ነገር የሚያውቀኝ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። የመጀመሪያው ዙር የድጋፍ ደብዳቤዎቼ ሁሉም ከአለቆቼ ነበሩ፤ የሚያከብሩኝ ሰዎች ናቸው፣ ግን አሜሪካ ውስጥ ስሠራ አላዩኝም። 90 ያህል ኢሜይል ጽፌ አራት መልስ፣ አንድ እሺ አገኘሁ፤ ስምንት ሳምንት፣ በጎብኚ ቪዛ፣ በተመልካችነት። (ደላላ ከፍለህ የምትገባባቸውም አሉ። አልኮንንም፣ ግን በጅምላ የሚታደል ደብዳቤ ሲነበብም በጅምላ ነው።) ተመልካች ማለት ቃሉ እንደሚለው ነው፤ በሽተኛ አትነካም፣ ትእዛዝ አትጽፍም፣ ጥግ ይዘህ ትቆማለህ። ሰባት ዓመት ሰው አክመህ ጥግ መቆም ይከብዳል። ሦስተኛው ቀን ላይ ትቼ ልሄድ አስቤ ነበር።

አራተኛው ሳምንት ላይ አንዲት አሮጊት የልብ ምታቸው 42 ሆኖ ገቡ። ቡድኑ ስለ ልባቸው የኤሌክትሪክ መስመር ሲከራከር ልጃቸው የእናቷን መድኃኒት ከፌስታል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው። እጄ ሥራ ፈት ስለነበር ዓይኔ ሥራ አገኘ። አንዱ ብልቃጥ ሜቶፕሮሎል ይላል፣ ሌላው ሎፕረሰር። ያው አንድ የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት ነው፣ ከሁለት ፋርማሲ። ሬዚደንቷን ወደ ጎን ጠርቼ በሹክሹክታ ነገርኳት፤ እሷ ሄዳ ልጅቷን ጠየቀች። ሁለቱንም ጠዋትና ማታ ይወስዱ ነበር። የቡድኑ ኃላፊ ሐኪም ዞር ብለው አዩኝና አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ አልተናገሩም። ደብዳቤ ጻፉልኝ። ምን እንደጻፉ አላውቅም፤ ደብዳቤን የማየት መብትህን መተው የተለመደ ነው፣ እኔም ትቼዋለሁ።

ከማመልከቻው ጋር ስለራሴ የምጽፈውን ፐርሰናል ስቴትመንቴንም ቀደድኩት። የመጀመሪያው የሚጀምረው በልጅነቴ ከታመመ ዘመድ ነበር። ጓደኛዬ አንብባ "ይሄንን እኔም ጽፌያለሁ" አለችኝ። አዲሱ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም፤ ከ2016 ወዲህ በየዓመቱ የት እንደሠራሁና ምን እንዳየሁ ነው። የምረቃ ዓመትህ ከራቀ መካከሉን ራስህ ካልሞላኸው አንባቢው በራሱ ግምት ይሞላዋል።

በዚያ ዙር ሰባት ኢንተርቪው መጣ። ከ2020 ወዲህ አብዛኛው በኮምፒዩተር ነው፤ ለአውሮፕላን ከማውጣት አዳነን፣ ግን የእነሱ ጠዋት ለእኔ ሌሊት ነው። አንዱ ላይ መካከል ላይ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። በስልኬ ዳታ ተመልሼ ስገባ ይቅርታ መደርደር ጀመርኩ፤ ጠያቂዋ አቋረጡኝና "ስለ ሁለቱ ብልቃጦች ይንገሩኝ" አሉ። ለአፍታ አልገባኝም። ከዚያ ደብዳቤው ውስጥ ምን እንዳለ ገባኝ። የቀረው አሥራ አምስት ደቂቃ ያለቀው ተመልካች ሆኖ መናገር መቼ ይገባል፣ መቼ አይገባም በሚል ወሬ ነው። "ድክመትህ ምንድን ነው" ለሚለው ያጠናሁት መልስ ሳይጠየቅ ቀረ።

ከኢንተርቪው በኋላ ፕሮግራሞቹን በቅደም ተከተል የምታስቀምጥበትን የምርጫ ዝርዝር ስታስገባ አትራቀቅ። "የሚወስደኝን ላስቀድም" የሚል ምክር ትሰማለህ፤ ስህተት ነው። ስሌቱ የሚጀምረው ከአመልካቹ ምርጫ ስለሆነ የምትወደውን አንደኛ ማድረግ ሁለተኛውን አያሳጣህም። ከዚህ ዓይነት ስሌት ጀርባ ባለው ሥራቸው አልቪን ሮዝና ሎይድ ሻፕሊ በ2012 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። ሰባቱንም በልቤ ቅደም ተከተል አስገባሁ። ማርች 17 ቀን 2025፣ እንደገና ሰኞ፣ አገኘህ አለኝ። ዓርብ ሲከፈት ሁለተኛ የመረጥኩት ነበር፤ ስለ ብልቃጦቹ የጠየቁኝ ሴትዮ ያሉበት።

አለቀ መስሎኝ ነበር። ጄ-1 የሚባለው የልውውጥ ቪዛ የሀገርህ ጤና ሚኒስቴር "ይህ ሙያ ያስፈልገናል" ብሎ የሚጽፈውን ደብዳቤ ይጠይቃል፤ እሱን ቀድሜ ስለጀመርኩ ደረሰልኝ። ያልደረሰልኝ ቀጠሮ ነው። ሜይ መጨረሻ ላይ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለተማሪና ለልውውጥ ቪዛ አዲስ ቀጠሮ መስጠት አቆመ፤ የቀጠለው ጁን 18 ነው። ሬዚደንሲ የሚጀምረው ጁላይ 1። እነዚያን ሦስት ሳምንታት ቀጠሮ መያዣውን ገጽ በየሰዓቱ እየከፈትኩ ነው ያሳለፍኩት። ለፕሮግራሙ በየሳምንቱ ሰኞ አጭር ኢሜይል እጽፍ ነበር፤ አዲስ ነገር ባይኖርም "አዲስ ነገር የለም" ብዬ። የደረስኩት ጁላይ 14 ነው። ሌሎቹ ኢንተርኖች (የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንቶች) ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ያውቃሉ፣ እኔ በመጀመሪያው ቀን የሚጮኸውን ፔጀር እንዴት እንደማጠፋው አላውቅም ነበር።

ጓደኛዬ የመጨረሻውን የፈቃድ ፈተና ስቴፕ 3ን ከማመልከቷ በፊት ወስዳ ኤች-1ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ገብታለች። እኔ ገንዘቡን ስላሰብኩ ተውኩት። አሁን በጄ-1 ስለገባሁ ስጨርስ ወይ ሁለት ዓመት ሀገሬ መመለስ፣ ወይ ኮንራድ 30 በሚባለው መንገድ ሐኪም በቸገረበት አካባቢ ሦስት ዓመት መሥራት አለብኝ፤ ለእያንዳንዱ ግዛት በዓመት 30 ቦታ ነው ያለው። የትኛውን እንደምመርጥ አልወሰንኩም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ልጅ በሰው በኩል አግኝቶኝ የ150 ፕሮግራም ዝርዝር ላከልኝ፤ "ይበቃል ወይስ ልጨምር?" ይላል። በስንት ተመረቅህ አልኩት። በ2017 አለኝ። በየማታው ከተረኛነት ስወጣ አብረን እንቀንሳለን። ትናንት 52 ላይ ደርሰናል።