የሰፈር ምርጫ

ዛሬ ምንም አላሰኘኝም። ከሥራ ገብቼ ቡና እንኳን አላፈላሁም። ቀኑ ቶሎ መምሸት ጀምሯል። ዝናቡም ዝናብ አይደለም፣ ዝም ብሎ ያካፋል። እንዲህ ባለ ምሽት ሰው ይናፍቀኛል። ለማን ልደውል እያልኩ ሳስብ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ፖስታ ዓይኔ ገባ። የከተማዋ የምርጫ ወረቀት ነው። ከመጣ ጀምሮ አልተከፈተም።

ታኮማ ፓርክ እንደምኖር ታውቃላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ድንበር የምትጋራ፣ 17 ሺህ ተኩል ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ነች። እኔ ዜጋ አይደለሁም፣ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ፕሬዚዳንት አልመርጥም፣ የሜሪላንድን ገዥም አልመርጥም። የዚችን ከተማ ከንቲባና የቀጠናዬን የምክር ቤት አባል ግን እመርጣለሁ።

ይህን መብት ከተማዋ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። አጀማመሩ ደስ ይለኛል። ከ1990ው የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ቀጠናዎቹን እንደገና ሲያካልሉ አንድ ነገር ታያቸው። የቀጠናዎቹ የሰው ቁጥር እኩል ሆኖ የመራጩ ቁጥር በጣም ይለያያል። ለካ አንዳንዱ ቀጠና የስደተኛ ሰፈር ነው። ሰዉ ግብር ይከፍላል፣ ልጁን ያስተምራል፣ ድምፅ ግን የለውም። ጉዳዩ ለነዋሪው ምርጫ ቀረበና በጠባብ ልዩነት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ 16 ዓመት የሞላቸው ልጆች እንዲመርጡ ፈቀዱ። በአሜሪካ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ከተማ ይህችው የእኛዋ ነች።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ጓደኛዬ ነገሩ አይዋጥላትም። ሐበሻው በብዛት ያለው እሷ ጋ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ግን የራሷ ከንቲባም ምክር ቤትም የላትም፣ የሚያስተዳድራት ካውንቲው ነው። «ተይ ይቅርብሽ፣ ነገ ዜግነት ስትጠይቂ ጣጣ ያመጣብሻል» ትለኛለች። ፍርሃቷ ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ዜጋ ሳይሆኑ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ወንጀል ነው፣ ከአገርም ያስባርራል። ለዚህ ነው ከተማዋ የእኛን ስም ዝርዝር ለብቻ የምትይዘው። የሚደርሰን ወረቀትም የከተማዋ ምርጫ ብቻ ነው። ዜጋ ያልሆናችሁ፣ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «ለምርጫ መመዝገብ ትፈልጋላችሁ?» ከተባላችሁ እባካችሁ ዝም ብላችሁ እሺ አትበሉ። ያ ምዝገባ ሌላ ነው።

ፖስታውን ከፈትኩት። አመራረጡ በቅደም ተከተል ነው። በጣም የምትፈልጊውን 1 ትያለሽ፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 3። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ይወጣና የእሱ መራጮች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይዛወራል። እስክሪብቶ አንስቼ 1 ልጽፍ ስል እማዬ መጣችብኝ።

በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ እማዬ የቀበሌያችን ምክር ቤት አባል ሆነች። ተወዳዳሪ አልነበራትም። የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባል እንዲኖረው የተደረገው ያን ጊዜ ነው። በመላ አገሪቱ ሲደመር ወደ 3.6 ሚሊዮን የሚጠጋ ወንበር ነበር። ከሞላ ጎደል ሁሉንም ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ወሰዱት። እኛ ሰፈር በየቤቱ አንድ የምክር ቤት አባል ያለ ይመስል ነበር።

እማዬ ግን ነገሩን ከልቧ ያዘችው። ስብሰባ ሲጠራ ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማ ትገኛለች። የእሷ ጉዳይ የቦኖው ውሃ ነበር። ቦኖው የሚከፈትበት ሰዓት አይታወቅም። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው ግማሽ ቀን ይጠብቃሉ፣ ልጆችም ከትምህርት ይቀራሉ። እማዬ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰዓቱ ይታወቅ። በየስብሰባው እጇን ታወጣለች። «ጥያቄው ተይዟል» ይሏታል። ከዚያ ከላይ የወረደው አጀንዳ ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ይበተናል። ቤት ስትመጣ አባዬ «ምን አሉ?» ይላታል። «ይዘውታል» ትለዋለች። ያንን «ይዘውታል» ስትል ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ቀበሌ ቀላል ቦታ አይደለም። ደርግ በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ ከተመሠረተ ጀምሮ የሰው ሕይወት የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። መታወቂያው፣ የቤት ኪራዩ፣ የዘይትና የስኳሩ ሰልፍ፣ ሁሉም እዚያ ነው። አብዛኛው ሰው ሚኒስትር በአካል ሳያይ ይሞታል። የቀበሌውን ሊቀመንበር ግን ያውቀዋል፣ ይፈራዋልም። ታዲያ ሰው ከምንም በላይ ሊመርጠው የሚገባው ይህንን ሰው አልነበረም? ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 50 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይላል።

እማዬ የቀበሌዋን ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የመረጠችው በ2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ። በ2013 ሰኔ ላይ ሰው ተሰልፎ ሲመርጥ ምርጫው የተወካዮች ምክር ቤት፣ የክልል ምክር ቤቶች፣ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነበር። የወረዳና የቀበሌ አልነበረበትም። ስለዚህ ጉዳይ ማንም ብዙ ሲናገር አልሰማሁም። እኔን ግን ያንገበግበኛል። ስለ ትልቁ ወንበር ሌት ተቀን እንነታረካለን፣ ስለ ቦኖው ወንበር የሚጠይቅ የለም።

እዚህ የከተማዋ ምክር ቤት ከንቲባውን ጨምሮ ሰባት ሰው ነው። ሰባት! ባለፈው ክረምት ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ እኛ ሕንፃ ያለው መንገድ ጨለማ እንደሆነ ልነግራቸው ሄጄ ነበር። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጠው። እጄ እየተንቀጠቀጠ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ የቀጠናችን ተወካይ በእግር መጥቶ መንገዱን አየ፣ በምሽት። መብራቱ ገና አልተተከለም። የት እንደደረሰ ግን አውቃለሁ፣ ሳላውቅ ስቀር ደግሞ እጠይቃለሁ። የቤት ኪራይ በዓመት ስንት በመቶ ሊጨመር እንደሚችል የሚወስነውም የዚችው ከተማ ሕግ ነው። ለእኛ ለተከራዮቹ ይህ ከዋይት ሀውስ ይበልጣል።

እማዬ በአገሯ፣ ተወልዳ ባደገችበት ሰፈር፣ ወንበር ኖሯት የሚመልስላት አጣች። እኔ የሰው አገር መጥቼ፣ ዜጋ ሳልሆን፣ ስለ አንድ የመብራት ምሰሶ ሰው ቤቴ ድረስ መጣልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባል፣ ደስም ይለኛል። ግን ደስታው ላይ ቅናት አለበት። የምቀናው ለእሷ ነው።

አሁን እዚያ ሌሊት ነው፣ መደወል አይቻልም። ነገ ጠዋት ግን ልጠይቃት ነው። የቀበሌ ምርጫ ተመልሶ ቢመጣ፣ በዚህ ዕድሜሽ እንደገና ትገቢበታለሽ ወይ? እሷን አውቃታለሁ፣ ለቦኖው ሲባል እሺ ልትል ትችላለች። የከበደኝ የእኔው ነው። እሺ ካለችኝ፣ ልጇ ሆኜ «ግቢበት እማዬ» ልላት ነው ወይስ «ተይ ይቅርብሽ»?