«ቦሮው» እና «ሌንድ»፦ ከመዋስና ከማዋስ ወዲያ ያለው ልዩነት

ሰሞኑን በእንግሊዝኛ ጥናቴ ውስጥ ብዙ ጊዜ የወሰዱብኝ «ቦሮው» እና «ሌንድ» የተባሉት ሁለት ግሦች ስለሆኑ፣ የደረስኩበትን አብረውኝ ለሚማሩ ማካፈል ወደድሁ። ሁለቱም የሚገልጹት ድርጊት አንድ ሲሆን፣ የሚለያዩት የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ተቀባዩ ሲሆን «ቦሮው»፣ ሰጪው ሲሆን ደግሞ «ሌንድ» በመባሉ ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ እኛ ግን «ተዋሰ» እና «አዋሰ»ን ከአንድ ሥር ስለምናወጣቸው አንዱ ሌላውን ያስታውሰናል፤ የእንግሊዝኛዎቹ ግን በመልክም በድምፅም አይዛመዱም።

ስለዚህ ቃላቱን ብቻቸውን ከመሸምደድ ይልቅ ከሚከተላቸው መስተዋድድ ጋር መያዝ እንደሚሻል ተረድቻለሁ። «ቦሮው» ከማን እንደተወሰደ በሚያመለክተው «ፍሮም»፣ «ሌንድ» ለማን እንደተሰጠ በሚያመለክተው «ቱ» ይታጀባል። ከዚህም በላይ «ሺ ሌንት ሚ ኸር ቡክ» (መጽሐፏን አዋሰችኝ) ብሎ ተቀባዩንና ዕቃውን ያለ መስተዋድድ ማስከተል ይቻላል። «እስክሪብቶህን አውሰኝ» ለማለት «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» የሚለው ግን በአንዳንድ አካባቢያዊ ዘዬዎች ቢሰማም በመደበኛው እንግሊዝኛ ተቀባይነት የለውም።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ አማርኛ ጠንቅቆ የሚለየውን እንግሊዝኛ በዝምታ ማለፉ ነው። እኛ መጽሐፍ እንዋሳለን፣ ገንዘብ እንበደራለን፤ የተዋስነው ራሱ ዕቃው ሲመለስ፣ የተበደርነው ግን በመጠኑ ይተካል እንጂ ያው የብር ኖት አይመለስም። «ቦሮው» ሁለቱንም ስለሚሸፍን፣ ወደ አማርኛ ስንመልሰው ትክክለኛውን ግሥ የሚመርጥልን የተወሰደው ነገር ዓይነት ነው። ሐሳብ ወይም ቃል ሲወሰድማ የሚመለስ ነገር የለም፤ ያም ሆኖ «ቦሮው» ይባላል፣ እኛም «የውሰት ቃል» እንላለን።

ከ«ሌንድ» ጋር የሚቀራረበው «ሎን» በመሠረቱ ብድር ወይም ውሰት ማለት የሆነ ስም ነው፤ በተለይ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ለዕቃና ለገንዘብ እንደ ግሥም ያገለግላል። በዘይቤያዊ አነጋገር ግን ቦታው የ«ሌንድ» ብቻ ነው። ለምሳሌ አንድ ማስረጃ ለአንድ ክርክር ክብደት ሲጨምርለት በ«ሌንድ» ይገለጻል፤ በአማርኛ «አዋሰው» ብንል ግን አያስኬድም። «ሌንድ ኤ ሃንድ» የሚለው ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ትርጉሙ ማገዝ ሆኖ ሳለ ቃል በቃል «እጅ መስጠት» ብለን ከመለስነው፣ ሊረዳ የመጣውን ሰው ተሸናፊ አድርገነው እናርፋለን።

ቀጥዬ የያዝኩት «ሬንት»ን ነው፤ ይህ አንድ ግሥ መከራየትንም ማከራየትንም ስለሚይዝ፣ አቅጣጫውን የሚነግሩን በአብዛኛው እነዚያው «ፍሮም» እና «ቱ» ናቸው።